ጀምሬ የማልጨርሰው ልብወለድ፦ ብዕር ሲቆም ምን ታደርጋላችሁ?

ሰማያዊ ቀለም | ማክሰኞ ማታ

ሰላም ለሁላችሁም።

አጫጭር ልብወለዶች እጽፋለሁ። ሃሳብ አያጥረኝም። ስልኬ ላይ የያዝኳቸው ማስታወሻዎች ብዙ ናቸው፤ አንዳንዶቹን ዛሬም ሳነባቸው ደስ ይሉኛል። ጭንቁ የሚመጣው ከጀመርኩ በኋላ ነው። የመጀመሪያዎቹ ገጾች ያለ ችግር ይወርዳሉ። ከዚያ አንድ ቦታ ላይ ቀጥ ይላል። ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ፤ የጻፍኩትን ደጋግሜ አነባለሁ፤ አንድ ሁለት ቃል እቀይራለሁ። በመጨረሻ ፋይሉን ዘግቼ ሌላ ሃሳብ እጀምራለሁ።

አሁን የያዘኝ ይሄ ነው። ሞባይል የምትጠግን ሴት አለች። አንድ ሸምገል ያለ ደንበኛ ስክሪኑ የተሰነጠቀ ስልክ ያመጣላታል። ስክሪኑን ቀይራ ስታበራው ፊት ለፊት የሚወጣው ፎቶ የወንድሟ ነው። ከቤት ከወጣ ዓመታት የሆነው፣ ይሙት ይኑር የማይታወቅ ወንድሟ። በማግስቱ ደንበኛው ስልኩን ሊወስድ ይመጣል። እዚህ ድረስ ጽፌዋለሁ። ከዚህ ወዲያ አንድ መስመር እንኳ አልወጣ አለኝ።

ታሪኩን እወደዋለሁ፤ ልተወው አልፈልግም። እናንተ እንዲህ ሲገጥማችሁ ምን ታደርጋላችሁ?


ጠመኔ | ማክሰኞ ማታ

እህቴ፣ ሃሳቡ ግሩም ነው። እንዳትተዪው።

ስለዚህ ጉዳይ የተሻለ ያስረዳኝ ማይክ ሮዝ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1980 ያሳተመው ጥናት ነው። ዐሥር የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን አነጋገረ። አምስቱ ሲጽፉ የሚቆምባቸው፣ አምስቱ የማይቆምባቸው ነበሩ። የሚቆምባቸው ሰነፎች ወይም ችሎታ የሌላቸው አልነበሩም። ልዩነቱ የነበረው በያዙት ሕግ ላይ ነው። አንዷ የመጀመሪያው አንቀጽ ፍጹም ካልሆነ ወደ ሁለተኛው አታልፍም። ሌላዋ ከመጀመሯ በፊት በጣም የተወሳሰበ ንድፍ ትሠራለች፤ ንድፉን ወደ አጭር ጽሑፍ መለወጥ ያቅታታል። የማይቆምባቸው ተማሪዎችም ሕግ ነበራቸው፤ ግን ሕጉ ካልሠራላቸው ይተዉታል።

አንቺ በጻፍሽው ውስጥ አንድ ነገር አየሁ። ስትቆሚ ወደ ኋላ ተመልሰሽ ቃል ትቀይሪያለሽ። በውስጥሽ «ያለፈው ካልተስተካከለ የሚመጣው አይመጣም» የሚል ሕግ ያለ ይመስለኛል። ካለ ጣዪው። ረቂቅ እየጻፍሽ አርትኦት አትሥሪ። ቃል ካልመጣልሽ በቅንፍ «እዚህ ስለ ሱቁ ጠረን» ብለሽ እለፊ። የሰው ስም ካልመጣልሽ «ሽማግሌው» በይው። ስም በኋላ ይገኛል።


ያልተቋጨ ክር | ማክሰኞ ማታ

በጠመኔ ሃሳብ እስማማለሁ፤ ግን ይሄ ታሪክ የቆመበት ምክንያት ሌላ ይመስለኛል።

እስካሁን የነገርሽን ሁኔታ ነው። ሁኔታው በጣም የሚስብ ነው፤ ግን ገና ታሪክ አልሆነም። ታሪክ የሚሆነው ሰውየዋ አንድ ነገር ስትፈልግ፣ ያንን ለማግኘት ደግሞ የምትከፍለው ነገር ሲኖር ነው። ጠጋኟ ምን ትፈልጋለች? ወንድሟን ማግኘት? ወይስ መሞቱን አረጋግጣ ማረፍ? ወይስ ተናዳበት ነው የቆየችው፣ ባይገኝ ትመርጣለች? ሦስቱ ሦስት የተለያዩ ልብወለዶች ናቸው። አንቺ አልመረጥሽም። ስላልመረጥሽ ደንበኛው በሩን ሲከፍት ምን እንደምትለው አታውቂም። ምልልሱ የጠፋብሽ ለዚህ ነው።

እኔ ስቆም የማደርገውን ልንገርሽ። ልብወለዱን እዘጋና ባዶ ወረቀት ላይ ለገጸ ባሕርይዋ ደብዳቤ አስጽፋታለሁ። በአንደኛ መደብ፣ በራሷ አፍ። «ወንድሜ ሲሄድ እኔ እንዲህ ብዬው ነበር» ብላ ትጀምር። ይሄ ጽሑፍ ልብወለዱ ውስጥ አይገባም፤ አንባቢ አያየውም። ስለዚህ ማማር የለበትም። እንደፈለገ ይጻፍ። አብዛኛውን ጊዜ መልሱ እዚያ ውስጥ ይወጣል።

ሌላው፣ መጨረሻውን አሁኑኑ ወስኚ። ሦስት መጨረሻ በሦስት መስመር ጻፊ። አንደኛው የሚያሳዝን፣ አንደኛው ደህና፣ አንደኛው ራስሽንም የሚያስደነግጥ ይሁን። ከሦስቱ አንዱን ያዢና ወደዚያ ጻፊ። በመንገድ ላይ የተሻለ ከመጣ ትቀይሪዋለሽ፤ የሚከለክልሽ የለም።


ሰማያዊ ቀለም | ረቡዕ ጠዋት

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ያልተቋጨ ክር፣ «አልመረጥሽም» ያልከው እውነት ነው። ወንድምየው ይኑር አይኑር እኔም አላውቅም ነበር። አንባቢውን ላንጠለጥል ብዬ ራሴም ሳልወስን እየጻፍኩ ነው።

ደብዳቤውን ዛሬ ማታ እሞክረዋለሁ። ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። መጨረሻውን አስቀድሜ ካወቅኩት ለመጻፍ ያለኝ ጉጉት አይጠፋም?


የሌሊት ብራና | ረቡዕ ቀትር

ይጠፋል! ለእኔ እንደዚያ ነው። ልቃወማችሁ ፈልጌ ሳይሆን ከልቤ የማምንበትን ነው የምናገረው። ልብወለድ የሒሳብ ስሌት አይደለም። መጨረሻውን አስቀድሞ የወሰነ ሰው ገጸ ባሕርያቱን እየጎተተ ይወስዳቸዋል፤ አንባቢም መጎተቱን ያውቃል። ፍራንዝ ካፍካ ስሙን ካስጠሩት አጫጭር ልብወለዶች አንዱን የጻፈው እ.ኤ.አ. መስከረም 1912 በአንድ ሌሊት ነው። ማታ ተቀምጦ ሲነጋ ጨርሶ ተነሣ። እውነተኛ ጽሑፍ እንደዚያ ነው የሚመጣው። ስሜቱ ሲመጣ መያዝ፣ ካልመጣ መጠበቅ። አንዳንድ ሃሳብ ዓመት ይፈልጋል። ማስገደድ ሃሳቡን ይገድለዋል ብዬ እፈራለሁ።


ጠመኔ | ረቡዕ ከሰዓት

ወንድሜ ብራና፣ ስለዚያ ሌሊት ያልከው ትክክል ነው። ግን ያው ካፍካ ሲሞት ረጃጅም ልብወለዶቹ ሦስቱም ሳያልቁ ቀርተዋል። አንድ ትንፋሽ የምትበቃው አጭር ልብወለድ በአንድ ሌሊት አለቀች፤ ብዙ ወራት የሚጠይቀውን ግን የዚያ ዓይነት ሌሊት አላደረሰውም። ይሄን የምለው እሱን ለማሳነስ አይደለም፤ ከማደንቃቸው ደራሲዎች አንዱ ነው። ግን ያንን ሌሊት መጠበቅ ለሰማያዊ ቀለም እንደ ዘዴ ቢነገራት የሚጎዳት ይመስለኛል።

ስለ መጠበቅ ደግሞ የተሞከረ ነገር አለ። ሮበርት ቦይስ የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ይሄንኑ ፈትኗል። የፈተናቸው የዩኒቨርሲቲ መምህራንን ነው፤ ልብወለድ ጸሐፊዎች አልነበሩም። ስሜታቸው ሲመጣ ብቻ የሚጽፉትንና በቋሚ ሰዓት ተቀምጠው የሚጽፉትን አነጻጸረ። በቋሚ ሰዓት የጻፉት ብዙ ገጽ ማውጣታቸው አያስገርምም። ለእኔ ትልቁ ነገር ሌላው ነው፦ አዲስ ሃሳብም ይበልጥ የመጣላቸው ለእነሱ ነው። እየጻፉ ሃሳብ ይመጣል ማለት ነው። የሚጠብቀው ሰው ከገጹም ከሃሳቡም ቀረበት።


የጓዳ ጸሐፊ | ረቡዕ ማታ

እኔ ትንንሽ ልጆች አሉኝ፤ ሌሊት ሙሉ የሚባል ነገር የለኝም። ስለዚህ የእንግሊዛዊው ደራሲ የአንቶኒ ትሮሎፕ ነገር ያጽናናኛል። የፖስታ ቤት ሠራተኛ ነበር። በማለዳ ተነሥቶ ሥራ ከመግባቱ በፊት ይጽፍ ነበር። ሰዓቱን ፊት ለፊቱ አስቀምጦ በየ15 ደቂቃው 250 ቃል ይወጣው ነበር። በዚህ አካሄድ 47 ልብወለዶች ጨርሷል።

እንደ እሱ ሁኑ ማለቴ አይደለም። 250 ቃል በ15 ደቂቃ ለእኔ ብዙ ነው። ቁም ነገሩ 15 ደቂቃ እንደ ጊዜ መቆጠሩ ነው። ልጆቹ ሲተኙ ሩብ ሰዓት አገኛለሁ። አንድ ምልልስ ይበቃዋል። አንድ ሰው በር ከፍቶ ገብቶ አንድ ነገር ብሎ ለመውጣት ይበቃዋል። ስለ ጊዜ እጥረት ከማዘን ቀጣዩን ሩብ ሰዓት ምን እንደምጽፍበት ልብስ ሳጥብ እያሰብኩ መቆየት ነው የለመድኩት። ስቀመጥ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ተዘጋጅቶ ይጠብቀኛል።


ነጭ ኅዳግ | ሐሙስ ጠዋት

ልጆቼ፣ ጨዋታችሁን በደስታ ነው ያነበብኩት። ለብዙ ዓመታት የሌሎችን ረቂቅ ሳርም ስለኖርኩ ከዚያ ወገን ሆኜ አንድ ሁለት ነገር ልበል።

ረቂቅ መሐል ላይ ሲቆም ጥፋቱ የቆመበት ቦታ ላይ እምብዛም አይገኝም። ቀደም ብሎ ነው። ገጽ አምስት ላይ የቆመ ልብወለድ ብዙ ጊዜ ገጽ ሁለት ላይ መተከል የነበረበት ነገር ሳይተከል አልፏል። ስለዚህ ደራሲው ስድስተኛውን ገጽ በግድ ከመጻፍ ይልቅ «አሁን ለሚሆነው ነገር ምን አዘጋጅቻለሁ?» ብሎ መጠየቅ አለበት።

በሰማያዊ ቀለም ታሪክ ልሞክረው። ይህች ሴት የሰው ስልክ ጠጋኝ ናት። የሰው ምስጢር በእጇ ነው። ሙያዋ የቆመው ደንበኛ ስለሚያምናት ነው፤ ስልኩን ትጠግናለች እንጂ አትበረብርም። ፊት ለፊት የወጣውን ፎቶ ማየቷ ጥፋት አይሆንም። ግን አንድ እርምጃ ከሄደች፣ ፎቶዎቹን ከፍታ ካየች፣ መልእክት ካነበበች፣ ያን እምነት አፍርሳለች። አሁን ደንበኛው ሲመጣ ስለ ወንድሟ ከጠየቀችው መበርበሯን ማመኗ ነው። ዝም ካለች ወንድሟ ከእጇ ያመልጣል። ግጭቱ ይሄ ነው። ደንበኛውን ክፉ ሰው ማድረግ አያስፈልግሽም፤ ሽጉጥና ሩጫም አያስፈልግሽም። ሁለት የምትወዳቸው ነገሮች እርስ በርሳቸው ይጋጩባት።

ይህ እንዲሠራ ገጽ ሁለት ላይ አንድ ትንሽ ነገር ያስፈልጋል። ለምሳሌ ሌላ ደንበኛ የባሏን ስልክ አምጥታ «መልእክቱን አሳዪኝ» ስትላት እምቢ ትበል። አምስት መስመር ይበቃል። አንባቢው ሕጓን ያውቃል። ከዚያ ራሷ ሕጉን ስትጥስ ያመዋል።

ጉጉት ይጠፋል ላልሽው ደግሞ፣ ምን እንደሚሆን ማወቅ እንዴት እንደሚሆን ማወቅ አይደለም። ስልኩን መልሳ ሰጠችው እንበል። በምን ዓይነት ድምፅ? ሒሳቡን ተቀብላ ነው ወይስ ሳትቀበል? ሰውዬው ሲወጣ አየችው ወይስ ፊቷን አዞረች? ይሄ ሁሉ ገና ያልተጻፈ ነው። የምትጓጊለት ነገር ሞልቷል።


ያልተቋጨ ክር | ሐሙስ ጠዋት

ጋሽ ኅዳግ፣ እግዜር ይስጥልኝ። «ገጽ አምስት ላይ የቆመ ገጽ ሁለት ላይ ይፈለግ» የሚለውን ጽፌ ጠረጴዛዬ ላይ ለጥፌዋለሁ።


የሌሊት ብራና | ሐሙስ ቀትር

ጋሽዬ፣ እርስዎ ያሉት አሳመነኝ፤ ቢያንስ ለዚህ ታሪክ። ያም ሆኖ ስሜትን እንዳትጥሉት አደራ። እምቢ ያለቻት ደንበኛ ባሏን የጠረጠረችው ለምን እንደሆነ አሁን ማወቅ ፈለግኩ። ይሄ ራሱ ሌላ ልብወለድ ነው።


ነጭ ኅዳግ | ሐሙስ ቀትር

ብራና፣ ልክ ነህ፤ እሱ ለሰማያዊ ቀለም ወጥመድ ነው። አዲስ ሃሳብ ሁልጊዜ ከጀመርነው ይልቅ ያማረ ይመስላል፤ ምክንያቱም ገና አልተጻፈም፣ ጉድለቱ አልታየም። ልጄ፣ አዲስ ሃሳብ ሲመጣብሽ አታባርሪው። በሁለት መስመር ጽፈሽ አስቀምጪውና ወደያዝሽው ተመለሺ። አንዱ እስኪያልቅ ሌላውን አትክፈቺ። መጨረስ ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ የሚለመደው ደግሞ በመጨረስ ብቻ ነው። ዐሥር ማራኪ መግቢያ የጻፈ ሰው መግቢያ መጻፍ ይችላል። የመሐሉን ክብደት መሸከምና ጡዘቱን ወደ ማብቂያው ማውረድ ግን ገና አልተለማመደም። ስለዚህ ደካማ ብትሆንም አንዷን አጭር ልብወለድ ዳር አድርሺ። ከእሷ የምትማሪውን ከየትኛውም ምክር አታገኚውም፤ ከእኔም ምክር ጭምር።


ዝምታ | ሐሙስ ማታ

ይቅርታ፣ ከርዕሱ ትንሽ ልውጣ። የእኔ መቆም ከዘዴ ጋር የሚገናኝ አይመስለኝም። የምወደው ሰው ከሞተ ወዲህ መጻፍ ብቻ ሳይሆን ማንበብም አቃተኝ። እንቅልፌም ተበላሽቷል። ይሄ ሁሉ «ተቀመጥና ጻፍ» የሚለው ምክር የበለጠ ጥፋተኛ እንደሆንኩ እንዲሰማኝ ያደርገኛል።


የጓዳ ጸሐፊ | ሐሙስ ማታ

ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ያጽናህ። ስለነገርከን አመሰግናለሁ። እዚህ የተባለው ሁሉ ለአንተ አይደለም። ሐዘን የሚያቆመው ብዕር አለ፤ ያንን በ15 ደቂቃ አትፈታውም። አሁን ምንም አለመጻፍህ ደራሲነትህን አይቀንሰውም። እንቅልፍህ ከተበላሸና ምንም ነገር ደስ የማይልህ ከሆነ ግን እባክህ ሐኪም አነጋግር፤ ቅርብህ ያለ ሰውም ይወቅልህ። ጽሑፉ ይቆይ። እዚህ ደግሞ ሳትጽፍም መምጣት ትችላለህ። ሰላም ብለህን ብትሄድ ይበቃናል።


ዝምታ | ሐሙስ ማታ

አመሰግናለሁ፣ እህቴ። ነገ ደግሞ ለሥጋ እህቴ እደውልላታለሁ።


አዲስ ገጽ | ዓርብ ጠዋት

ሰላም፣ አዲስ ነኝ። የቆመብኝን ታሪክ ለአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ሰጥቼ ባስጨርሰው ምን ይመስላችኋል? ሞክሬው ያለቀ ነገር ሰጠኝ፤ ግን ደስ አላለኝም።


ያልተቋጨ ክር | ዓርብ ጠዋት

እንኳን ደህና መጣህ። ደስ ያላለህ ውሳኔዎቹ የአንተ ስላልሆኑ ይመስለኛል። ታሪክን ታሪክ የሚያደርገው ሰውየዋ ትናገር ወይስ ዝም ትበል የሚለው ምርጫ ነው፤ እሱን ለሌላ ከሰጠህ የቀረህ ትየባ ነው። ጠያቂ አድርገህ ብትጠቀምበት ግን አልቃወምም። «ስለ ገጸ ባሕርዬ ያልመለስኳቸውን ጥያቄዎች ጠይቀኝ፣ አንድም ዓረፍተ ነገር አትጻፍልኝ» በለው። መልሱን አንተ ጻፍ።


ሰማያዊ ቀለም | እሑድ ማታ

ጨረስኩት! አልቋል፤ «ተፈጸመ» ብዬ ጽፌበታለሁ።

የሆነውን ልንገራችሁ። ደብዳቤውን ሳስጽፋት ወንድሟ የሄደው እሷ ለአባታቸው ምስጢሩን ስለነገረችበት እንደሆነ ወጣ። እኔ ይሄን አላቀድኩትም ነበር። ያ ሲመጣ ጋሽ ኅዳግ ያሉት ሁሉ ቦታውን ያዘ። ምስጢር አለመበርበር ሙያዋ ብቻ አይደለም፤ ከወንድሟ ወዲህ ለራሷ የገባችው ቃል ነው። ሌላዋን ደንበኛ እምቢ የምትልበትን ትዕይንት ገጽ ሁለት ላይ አስገባሁት። መጨረሻ ላይ ስልኩን አትከፍተውም። ለሽማግሌው ሥራ ላይ የምትጠቀምበትን ካርድ ትሰጠዋለች፤ ስሟን ከነአባቷ ስም በትልቁ ጽፋበት። «ስልኩ ባለቤቱን ካስቸገረው ይደውል» ትለዋለች። ከዚያ በኋላ መደወል አለመደወል የወንድሟ ነው።

ሦስት መጨረሻ ስጽፍ ይሄ አልነበረም። ግን ከሦስቱ አንዱን ይዤ ባልሄድ አልደርስበትም ነበር።

ረቂቁ ግን ሻካራ ነው። መሐል ላይ በቅንፍ ያለፍኳቸው ቦታዎች አሉ፤ የሽማግሌው ንግግር አንዳንድ ቦታ ደረቅ ነው። አሁን ምን ላድርግ? ወዲያው ልከልሰው?


ጠመኔ | እሑድ ማታ

እንኳን ደስ አለሽ! ካርዱ በጣም ነው የነካኝ።

ወዲያው አትከልሽው። ጥቂት ቀን ዝጊው። የጻፍሽውን ሳይሆን ልትጽፊ ያሰብሽውን ነው አሁን የምታነቢው።


ነጭ ኅዳግ | ሰኞ ጠዋት

ጎሽ ልጄ! ካርዱን ጠብቂው፤ ማንም «አብራሪው» ቢልሽ አትስሚ። እሷ ምን እንደተሰማት የሚነግር ዓረፍተ ነገር ከኋላው ካለ ሰርዢው።

ክለሳ ለመሥራት በሁለት ዙር ሂጂ። በመጀመሪያው ዙር ቃል አትንኪ። ትዕይንቶቹን ብቻ እዪ፦ የትኛው ቢወጣ ታሪኩ ሳይናጋ ይቆማል? የሚቆም ከሆነ ይውጣ። በሁለተኛው ዙር ጮክ ብለሽ አንብቢው። የሽማግሌው ንግግር የደረቀበትን ምላስሽ ይነግርሻል፤ ስታነቢ የምትደናቀፊበት ቦታ ነው። መጨረሻውን ደጋግመሽ ብትጽፊ አትፈሪ። ኧርነስት ሄሚንግዌይ የአንድ ረጅም ልብወለዱን የመጨረሻ ገጽ 39 ጊዜ እንደጻፈው ራሱ በቃለ መጠይቅ ተናግሯል፤ የተጠየቀውም ምን ቸግሮት እንደነበር ነው። መልሱ ቃላቱን ማስተካከል ነው የሚል ነበር።

ከዚያ ለአንድ ሰው ስጪው። ለአንድ ብቻ። «እንዴት ነው?» ብለሽ አትጠይቂ፤ «ጥሩ ነው» ይልሻል፣ ምንም አታገኚበትም። «የት ላይ ሰለቸህ? የት ላይ ግራ ገባህ? ወንድሟ የሄደበት ምክንያት የገባህ ስንተኛው ገጽ ላይ ነው?» በዪው። የሚያቀርብልሽን መፍትሔ ላትቀበዪው ትችያለሽ፤ ሰለቸኝ ያለበትን ቦታ ግን እመኚው።


ሰማያዊ ቀለም | ሰኞ ጠዋት

ጋሼ፣ አመሰግናለሁ። እስከ ሐሙስ እዘጋዋለሁ። የጓዳ ጸሐፊ፣ ጊዜ ካለሽ የመጀመሪያዋ አንባቢ አንቺ ብትሆኚልኝ ደስ ይለኛል።


የጓዳ ጸሐፊ | ሰኞ ማታ

ደስ ይለኛል! በውስጥ መስመር ላኪልኝ። ልጆቹ ሲተኙ አነበዋለሁ፤ ጥያቄዎቹን ከታች ጻፊልኝና በገጽ በገጹ እመልስልሻለሁ።